የአባቴን መፍቻዎች ምናለሽ ተራ አገኛቸዋለሁ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በመካኒክነት እሠራለሁ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ብዙ ዘመኑን ኤንትሬ ይዞ የአሰብን መንገድ ሲመላለስ ነው ያሳለፈው። የሥራ ዕቃዎቹን በአንድ አረንጓዴ የጥይት ሣጥን ያስቀምጥ ነበር፤ መፍቻዎቹንም ሁሉ እጀታቸው ላይ በሞረድ ሦስት ጭረት አድርጎባቸዋል። ከሞተ በኋላ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ሣጥኑን ለቁራሌው በኪሎ ሸጠችው። ይኸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እየሄድኩ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ሦስት ጭረት ያለበት መፍቻ አገኘሁ፤ በአንድ ጫፉ 1/4 W፣ በሌላው 3/16 W ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ያረጀ መፍቻ ባየሁ ቁጥር መግዛት ሆነ ሥራዬ። አሁን ከ160 በላይ ሆነዋል፤ ብዙዎቹ እኔ በምሠራቸው መኪናዎች ላይ አይገቡም፤ ግማሾቹ ዝገዋል። ባለቤቴ ‹ልጅ ነው ወይስ ብረት የምናሳድገው?› ትለኛለች፤ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ከእናቴ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ንግግር የለንም። አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ‹እዚህ አሮጌ መሣሪያ በየሰፈሩ ይሸጣል፤ ስመጣ ምን ልያዝልህ?› ይለኛል። የአባቴን ዕቃዎች አገኛቸው ይሆን? ወይስ ልተወው?»

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሞተ ሰው ዕቃ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔም የአለቃዬን መዶሻ እስከ ዛሬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ስለዚህ ከባዱን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፤ የአባትህን መፍቻዎች አብዛኞቹን አታገኛቸውም።

ቁራሌው በኪሎ የገዛው ብረት ተለይቶ ነው የሚሸጠው። ለሥራ የሚሆነው ወደ ምናለሽ ተራና ወደ መሰል ገበያዎች ይሄዳል፤ የቀረው ውዳቂ ተብሎ ይጫንና ቀልጦ ፌሮ ይሆናል። ለገበያ የተለየውም ቢሆን ደህና ደህናው ብዙ አይቆይም፤ በማለዳ መጥተው ጆንያው ሲዘረገፍ የሚጠብቁ መካኒኮች አሉ። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። የአንድ ሰው ሣጥን ሙሉ ዕቃ ሁለት ዓመት ተኩል በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይጠብቅህም። የአባትህ ትልቁ ቁልፍ ዛሬ ምናልባት አዳማ ወይም ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ በአንድ ወጣት እጅ ላይ ይሆናል። ለመፍቻ ከዚህ የተሻለ ዕጣ አላውቅም።

ሦስቱ ጭረትም የአባትህ ብቻ ምልክት አይደለም። አሥር ሰው በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ይቀላቀላል፤ ስለዚህ አንዱ በሞረድ አንድ ይጭራል፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ሦስት፤ አንዳንዱ ቀለም ይቀባል፣ አንዳንዱ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ይቆረቁራል። የእኔ ሁለት ጭረት ነበር። በየጋራዡ ሦስት የሚጭር ሰው አይጠፋም። ያንን መፍቻ ባየህ ጊዜ እጅህ መንቀጥቀጡ ትክክል ነው፤ ግን ምልክቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንህም።

ማስረጃ የሚሆንህ ከጭረቱ ይልቅ ቁጥሩ ነው። በደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው 1/4 W የሚለው ነው።

W የዊትዎርዝ ምልክት ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ የጥርሱንም ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎኑን በራሱ ልክ ነበር የሚያወጣው፤ የአንዱ ዳዶ በሌላው ብሎን ላይ አይገባም። እንግሊዝና በእርሷ ሥር የነበሩ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ልክ ሠሩ። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ጉዳይ አለ፤ በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመፍቻውን አፍ ስፋት አይለካም። የብሎኑን ግንድ ውፍረት ነው የሚነግርህ። ለዚህ ነው 1/2 የሚል የአሜሪካ መፍቻና 1/2 W የሚል የእንግሊዝ መፍቻ ጎን ለጎን ብታስቀምጥ የአንዱ አፍ የሌላውን እጥፍ ሊያህል ምንም የማይቀረው። የአሜሪካው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእንግሊዙ 23.4 ገደማ።

ያንተ 1/4 W ደግሞ አፉ 13.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አስበው፤ 13 ቁልፍ በዚያ ብሎን ላይ አይገባም፤ 14 ይገባል፣ ግን ይላወሳል። ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ አሮጌ ላንድሮቨር ላይ በሞተሩ ጎን ያለች አንዲት ብሎን ፍታ ተባልኩ። 13 እምቢ አለኝ፤ 14 አገባሁና በሙሉ ጉልበቴ ሳብኩት። ስድስቱም ማዕዘን ተላጠ። አለቃዬ ያቺን ብሎን በመሮና በመዶሻ ሲያወጣ ከሰዓት በኋላው አለቀ፤ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሲጨርስ ከሣጥኑ ሥር፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ እሽግ ውስጥ አንድ ጥቁር መፍቻ አውጥቶ ሰጠኝና ከተላጠችው አጠገብ ያለችውን ደህናዋን ብሎን አሳየኝ። ጫፉን ሳስጠጋው በራሱ ክብደት ነው ገብቶ የተቀመጠው፤ ወዲያና ወዲህ ብነቀንቀው አይላወስም። «አየህ? ብሎኑ የሚያውቀውን መፍቻ ነው የምታመጣለት» አለኝ። የዚያን ቀን ነው መካኒክነት የጀመርኩት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ብረት ለመቆጠብ ሲሉ የብሎኑን ራስ በአንድ ደረጃ አሳነሱት። በዚህ ምክንያት ባንድ ጫፍ ላይ ሁለት ቁጥር የተጻፈባቸው መፍቻዎች ታገኛለህ፤ ለምሳሌ 1/4 W እና 5/16 BS ጎን ለጎን፤ BS ራሱ ያነሰው የእንግሊዝ ብሎን ልክ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አፉ አንድ ነው፣ የሚፈታው ብሎን ግን ሁለት ዓይነት ነው። ካሉህ 160 ውስጥ እንዲህ ያሉ መኖራቸውን አልጠራጠርም፤ «አይገቡም» ያልካቸውም በአብዛኛው እነዚህ ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች በአብዛኛው የሚፈቱት በዚህ ልክ ነው።

ኤንትሬ የምንለው ግን የጣሊያኑ ፊያት 682 ነው። ብሎኖቹ በሚሊ ሜትር የተሠሩ ናቸው፤ 1/4 W የሚገባበት ቦታ የለውም። እንግዲህ ያ መፍቻ ወይ የሌላ ሰው ነው፣ ወይ አባትህ ከኤንትሬ በፊት የእንግሊዝ መኪና ይዞ ያውቃል። ይህን ማወቅ ትችላለህ፤ እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ምክሬን አሁን ልስጥህ። ፍለጋህን አትተው። የምትፈልገውን ግን ለውጥ። እስከ ዛሬ የፈለግከው አባትህ የነካቸውን ብረቶች ነው፤ ከእንግዲህ አባትህ የሠራበትን መኪና መሠረት አድርገህ ፈልግ። አንድ ሹፌር ኤንትሬውን አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ ቆሞ በራሱ እጅ ለመጠገን የሚያስፈልገው መሣሪያ ይታወቃል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ልክ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በ13 ቁልፍ ይፈታ ነበር፤ 10ሩ በ17፣ 12ቱ በ19፣ 14ቱ በ22፣ 16ቱ በ24፣ 18ቱ በ27፣ 20ው በ30፣ 22ቱ በ32። የአባትህ ሣጥን አከርካሪ እነዚህ ነበሩ። በእነሱ ላይ አንድ ከባድ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መሮ፣ አንድ እንግሊዝ ቁልፍ ጨምር። ይህ ሃያ ዕቃ አይሞላም። ሃያ ዕቃ አንድ የጥይት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ አንድ ክፍል ቤትም ይችለዋል።

አንተ በየቀኑ የምትሠራው ግን ቶዮታ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ የጃፓኑ ልክ ደግሞ ሌላ ነው። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን 12፣ ለ10ሩ 14፣ ለ12ቱ 17። ለዚህ ነው የቶዮታ መካኒክ ሣጥን ውስጥ 12 እና 14 ተልጠው፣ 13 እና 22 አዲስ መስለው የሚገኙት። አሮጌ የአውሮፓ መፍቻ ስትገዛ ለሥራ ነው ወይስ ለአባትህ ሣጥን የሚለውን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ለይ። 17 እና 19 ለሁለቱም ያገለግላሉ፤ እነሱን ስታይ ብዙ አታመንታ።

ስለ ዕድሜያቸው ማወቅ ከፈለግህ ጽሑፉን አንብብ። ዌስት ጀርመኒ የሚል ካለበት እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም በዚህ ስም የተጠራ አገር የለም። ቼኮዝሎቫኪያ የሚለው ከ1993 በፊት ነው። በደርግ ዘመን ከዚል፣ ከኡራልና ከካማዝ ጋር የመጡ የሶቪየት መሣሪያዎች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ዋጋው በሩብልና በኮፔክ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ታገኘዋለህ፤ ነጋዴ በራሱ ፈቃድ ዋጋ በማይጨምርበት አገር ስለተሠሩ ነው። አምስት ማዕዘን ያለው ምልክት ካየህ ደግሞ የመንግሥት የጥራት ምልክት ነው፤ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ለብዙ ሰው የሶቪየት መፍቻ ሸካራ ይመስላል። እኔ ወፍራሞቹን እወዳቸዋለሁ፤ ለከባድ መኪና የተሠሩ ናቸው።

ከጀርመኖቹ ጌዶሬ፣ ሐዜትና ሽታልቪለ የሚሉት ስሞች አሉ። ሦስቱም ከአንድ አካባቢ፣ ከሬምሻይድና ከጎረቤቷ ከቩፐርታል የወጡ ናቸው። ጌዶሬ የሚለው ስም ራሱ «የዶቪዳት ወንድማማቾች፣ ሬምሻይድ» ከሚለው የጀርመንኛ አጠራር መጀመሪያ መጀመሪያው ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የጀመሩት ወንድማማቾች ናቸው። ከጣሊያን ቤታና ኡዛግ፣ ከፈረንሳይ ፋኮም፣ ከእንግሊዝ ኪንግ ዲክ። ለአባትህ ሣጥን የጣሊያኖቹን ብታስቀድም ደስ ይለኛል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸውን ቃላት ያመጣቸው የጣሊያን መኪና ነው፤ እንግሊዝ ቁልፍ የሚለው ስም እንኳ ከጣሊያንኛው የተወረሰ ነው። አባትህ ረዳቱን ጠርቶ ዕቃ ሲያስመጣ በእነዚህ ስሞች ነበር የሚጠራቸው።

ስም ግን ብቻውን አያስገዛህም። ክሮም ቫናዲየም የሚል የጠንካራ ብረት ስም ዛሬ በማንኛውም ርካሽ ብረት ላይ ይታተማል። በመጀመሪያ አፉን እይ። ከቤት ስትወጣ ያልተላጡ የ13፣ የ17፣ የ19 እና የ24 ራስ ያላቸው አራት ብሎኖች በኪስህ ያዝ፤ መፍቻውን በእነሱ ላይ ሞክረው። ከተላወሰ አፉ ተከፍቷል፤ ሻጩ የፈለገውን ቢልህ መልሰው። የቀለበቱን ውስጥ ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት፤ ማዕዘኖቹ ክብ ከሆኑ አበቃ። እጀታው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች በዝገት ትሸፈናለችና በጥፍርህ ፈልጋት። የተበየደ መፍቻ አትግዛ፤ ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ወስዶታል። ራቼት፣ ማለትም ውስጡ ጥርስ ያለው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ እጀታ፣ ከሆነ ጫፉን በአንድ እጅህ ጨብጠህ በሌላው አዙር፤ ምቱ እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ የሚዘል ከሆነ ጥርሱ ተሰብሯል።

መሮና መብሻ ስትገዛ ከሁሉ በላይ ራሱን ተመልከት። ለዓመታት በመዶሻ የተመታ መሮ ራሱ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል። ያ የተዘረጋው ጠርዝ ሲመታ ይሰበርና እንደ ጥይት ይፈናጠራል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው አብሮኝ ሠርቷል። ጠርዙን በሞረድ ወይም ቀስ ብሎ በሚዞር ድንጋይ ሳታነሣ አንድም ጊዜ አትምታበት።

ወደ ዝገቱ ልምጣ፤ ግማሾቹ ዝገዋል ብለሃልና። መጀመሪያ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ቅባቱን አስለቅቅ። ክሮም ያልተቀባውን ጥቁር መፍቻ ከዚያ በኋላ በአቼቶ ዘፍዝፈው፤ ማታ አግብተህ ጠዋት እየው፣ ከአንድ ቀን አታሳልፈው። ስታወጣው ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ በብሩሽ ይለቃል። ወዲያውኑ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ እጠበው፤ አሲዱ ካልጠፋ ከሰዓት በኋላ እንደገና ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ። አድርቀህ ቀጭን ዘይት ቀባው። ክሮም ያለው ከሆነ አቼቶው ክሮሙ በተነሣበት ገብቶ የቀረውንም ይልጠዋልና ዘይትና ለስላሳ የሽቦ ሱፍ ይበቃዋል። የመዶሻ እጀታ እንጨቱ ከደረቀ የተልባ ዘይት አጠጣው፤ የቀባህበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለህ አትጣል፤ እየደረቀ ሲሄድ በራሱ ሙቀት እሳት ሊነሣው ይችላል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሕፃን ይዘህ ይህን አትዘንጋ። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው። ነጭ ጋዙንም አቼቶውንም ከልጆቹ አርቅ፤ ለውኃ በሚያገለግል ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አታስቀምጥ።

እሳት ላይ ጥለህ ቅባቱን ለማቃጠል የሚመክርህ ሰው ካለ አትስማው። እኔ ሰምቼ አድርጌዋለሁ። የአለቃዬን ሰባት መፍቻዎች ከሰል ላይ ደርድሬ ቅባቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ ሲወጡ ጽዱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም የሚያምር ሰማያዊ ቀለም ይዘው ነበር። ያ ሰማያዊ ቀለም ብረቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማለፉን የሚያሳይ ነው። በመጀመሪያው ከባድ ሥራ ላይ የ22ቱ አፍ እንደ ሊጥ ተከፈተ። ሰባቱንም አበላሽቻቸው ነበር። በሚያሾል ድንጋይ ላይ ስትሠራም እንዲሁ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከረው፤ ቀለሙ ከተለወጠ አበላሽተኸዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። ሁሉም አሮጌ ዕቃ በንጹሕ መንገድ ወደ ገበያ አይመጣም። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሙሉ ስብስብ ሆኖ፣ በርካሽ ዋጋ ዳር ላይ የሚሸጥ ዕቃ ካየህ የአንድ መካኒክ ሣጥን ትናንት ማታ ተሰብሯል ማለት ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ ከሕጉም በላይ ግን ሣጥኑ የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሰማው ካንተ በላይ ማንም አያውቅም። ቋሚ ሱቅ ካለው፣ ስሙን ከምታውቀው ሰው ግዛ። የሰው ስም በግልጽ የተጻፈበት ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቅ፤ መልሱ ካላረካህ አስቀምጠው።

የአክስትህ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያገኘው የአሜሪካ መሣሪያ ጥሩ ነው። ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ሲለቅ ዕቃው በግቢው ተዘርግቶ ይሸጣል፤ ስናፕ ኦንም ክራፍትስማንም በዚያ መንገድ ይገኛል። ግን መፍቻ አታስመጣ። የእነሱ አሮጌ መፍቻ በአብዛኛው በኢንች ነው፤ አንተ ኢንች የሚፈልግ መኪና የለህም፤ 3/4 በ19 ፈንታ ይሠራ ይሆናል፣ ሌላው የብሎን ራስ ይልጥብሃል፤ ሻንጣውም በኪሎ ይመዘናል። የምታስመጣው ራቼትና የሶኬት፣ ማለትም የብሎኑን ራስ እንደ ኩባያ የሚውጠው መፍቻ፣ እጀታ ይሁን። ሶኬቱ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ጫፍ በዓለም ሁሉ በኢንች ነው የሚሠራው፤ 1/4፣ 3/8 እና 1/2። ስለዚህ የአሜሪካ እጀታ ላይ የጀርመንም የጃፓንም ሶኬት ይገባል። ስናፕ ኦን የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1920 ሲጀመር አምስት እጀታና አሥር ሶኬት የሃምሳ መፍቻ ሥራ ይሠራሉ ብሎ ነው የተነሣው። በመሣሪያዎቹ ላይ ለየዓመቱ የተለየ ምልክት ስለሚያትም እጀታው መቼ እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል። ሁለት እጀታ ጠይቀው፤ አንድ የ3/8፣ አንድ የ1/2። ከዚያ በላይ አታስቸግረው።

ስለ ባለቤትህ። እውነቷን ነው፤ ይህን የምለው ለማስታረቅ አይደለም። 160 መፍቻ ከ40 ኪሎ ያላነሰ ብረት ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላ ያ ቦታ ለሕፃኑ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሁሉንም መሬት ላይ ዘርጋቸው፤ እሷም አጠገብህ ትቀመጥ። ለኤንትሬ የሚሆኑትን ከላይ በነገርኩህ ቁጥር ለይና ሣጥን ውስጥ አስገባ። ለዕለት ሥራህ የሚጠቅሙትን ነገውኑ ጋራዥ ውሰድ። ዊትዎርዞቹን ለሚፈልጋቸው ሰው ሽጥ፤ አሮጌ ላንድሮቨር የሚያስነሣ ሰው ዛሬም አለ፣ እነዚያን መፍቻዎች አጥቶ በ14 ቁልፍ ብሎን እየላጠ ነው። በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ሽጥለት፤ የሚገኘው ገንዘብ ለአራስ ቤት ይሁን። የተደጋገሙትን ጋራዡ ውስጥ ላሉት ተለማማጆች ስጥ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ሲሞላ አዲስ የሚገባው አንድ ሲወጣ ብቻ ነው። ይህን ለባለቤትህ በቃልህ ንገራት፤ ሣጥኑንም አሳያት።

ያንን 1/4 W ግን አትሽጠው።

እናትህ ሣጥኑን የሸጡት አባትህን ንቀው አይመስለኝም። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ውስጥ የባሏ ዕቃ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እናቴ የአባቴን ጫማ ለማያውቁት ሰው የሰጡት በአርባው ማግስት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር ሳየው ያመኛል አሉኝ። እኔም ለብዙ ጊዜ ተቀይሜያቸው ነበር፤ ያንን ቅያሜዬን ዛሬም እጸጸትበታለሁ። ለእናትህ ያ ሣጥን ለአንተ ምን እንደነበር የነገርካቸው ከመሸጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በደብዳቤህ አልጻፍከውም፤ ካልነገርካቸው ማወቅ አይችሉም ነበር።

ስለዚህ እሑድ ሂድ። ያንን መፍቻ አጽድተህ ዘይት ቀብተህ በጨርቅ ጠቅልለው። ቡና ተፈልቶ ሲቀመጡ አውጣና እጃቸው ላይ አድርግላቸው። ስለ ቁራሌው አታንሣ። «አባባ ከኤንትሬ በፊት ምን መኪና ይዞ ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። ላንድሮቨር ካሉህ ጻፍልኝ፤ የቀሩትን የዊትዎርዝ ቁጥሮች እልክልሃለሁ።